ጥቁር እንጨት ፍሪጅ አይፈልግም

ጥያቄው፦ «ከጅማ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ ቀበሌ የሀገር በቀል ዛፎች ችግኝ የምናፈላ የወጣቶች ማኅበር ነን። ሀገር በቀል ዕፅዋትን ለጥበቃ ሲባል ስለማብዛት የሚጽፈውን ‹ኔቲቭ ፕላንትስ ጆርናል› የተባለ የአሜሪካ ሳይንሳዊ መጽሔት አግኝተን ስናነብ፣ የፕሩነስ ወገን የሆኑ ዛፎች ዘር ከእርጥብ አሸዋ ጋር ተደባልቆ ሦስት ወር ያህል በቅዝቃዜ መቆየት እንደሚገባው ተረዳን። የእኛም ጥቁር እንጨት ሳይንሳዊ ስሙ ፕሩነስ አፍሪካና ስለሆነ፣ ከዛፍ ሥር የለቀምነውን 800 ያህል ዘር ከእርጥብ አሸዋ ጋር በፕላስቲክ ከረጢት ጥብቅ አድርገን ቋጥረን በአንድ ባለሱቅ ፍሪጅ ለ90 ቀን አስቀመጥን። ግማሹን ከዘራን ሁለት ወር አልፎናል፤ አንድም አልበቀለም። የቀረሮና የዶቅማ ዘርም በፈላ ውኃ ነክረን ዘርተን ምንም አላገኘንም። የቀረው የጥቁር እንጨት ዘር አሁንም ፍሪጅ ውስጥ ነው። ችግሩ ከዘሩ ነው ወይስ ከእኛ? የመጽሔቱንስ ዘዴ ለእኛ ዛፎች እንዴት እናስተካክለው?»

ምላሽ፦

ችግሩ ከዘዴው ነው። የጥቁር እንጨቱ ዘር በከንቱ ያለፉት ሦስት ወራት ጎድተውታል፤ ቀረሮውንና ዶቅማውን ደግሞ የፈላው ውኃ ለመግደሉ ብዙም አልጠራጠርም። ሁለተኛው ጥያቄያችሁ ግን መታረም ይኖርበታል። ዘጠናው ቀን ወደ ሠላሳ ቢወርድ ወይም የፍሪጁ ቅዝቃዜ ቢለዝብ ዘዴው የሚስተካከል አይደለም፤ ምክንያቱም ዘዴው የተፈጠረለት ችግር በጥቁር እንጨት ዘንድ ከመነሻው የለም። ለሌለ በሽታ የታዘዘ መድኃኒት መጠኑ ቢቀነስም መድኃኒት አይሆንም።

መጽሔቱን ግን አትውቀሱት። እ.ኤ.አ. በ2000 መታተም የጀመረው ይህ መጽሔት የሰሜን አሜሪካን ዕፅዋት ለጥበቃና የተጎዳ መሬትን መልሶ ለማልማት እንዴት ማፍላትና መትከል እንደሚቻል፣ ችግኝ ጣቢያ ውስጥ እጁን አፈር የሚነካ ሰው ሊጠቀምበት በሚችል መልክ የሚያቀርብ ነው። የሚጽፈው ስለዚያ ምድር፣ የሚጽፍላቸውም የዚያን ምድር ወቅቶች ለሚያውቁ ሰዎች በመሆኑ፣ የእነሱ የበረዶ ወራት ምን እንደሚመስሉ በየገጹ እያነሳ አያስታውስም። እዚህ ላይ የትርጉም ወጥመድም አለ። «ዊንተር» የሚለውን ቃል መዝገበ ቃላት «ክረምት» ብሎ ይሰጠናል፤ የእኛ ክረምት ግን ዝናብ የሚጥልበት፣ ዘር የሚበቅልበት፣ ችግኝ የሚተከልበት ወቅት ሲሆን፣ የእነሱ ግን አፈሩ ቀዝቅዞ እንደ ድንጋይ የሚጠነክርበት፣ በአፈሩ ውስጥ ያለው ውኃ በረዶ ሆኖ ሥር ሊጠጣው የማይችልበት ጊዜ ነው። «ዘሩ ክረምትን ማሳለፍ ይፈልጋል» የሚል ዓረፍተ ነገር ተተርጉሞ ሲነበብ ስሕተት የሌለበት ይመስላል፤ የሚያመለክተው ግን ሌላ ዓለም ነው።

በዚያ አህጉር የሚገኘውን ጥቁር ቼሪ የተባለውን የጫካ ዛፍ ብንወስድ፣ ፍሬው በሙቀቱ ወራት መጨረሻ ግድም ይበስልና ይረግፋል። ዘሩ እንደረገፈ ቢጎነቁል፣ ሁለት ቅጠል ሳያወጣ ውርጩ ደርሶ ይፈጀው ነበር። ስለዚህ ዘሩ ከውስጥ ተቆልፎ ነው የሚወድቀው፤ ቁልፉ የሚፈታው ደግሞ ከ1 እስከ 5 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ እርጥብ ቅዝቃዜ ውስጥ ሦስትና አራት ወር ሲቆይ፣ ማለትም የበረዶው ጊዜ አልፎ መሬቱ መሞቅ ሲጀምር ነው። የችግኝ ጣቢያ ባለሙያው ፍሪጅ የሚጠቀመው ዘሩን ለማቆየት አይደለም፤ ዘሩ ከቤት ውጭ ሊያሳልፈው የነበረውን የቅዝቃዜ ጊዜ በቤት ውስጥ እንዲያሳልፍ ለማድረግ ነው።

ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ግድም ዝናብ ታገኛለች፤ አፈሯ በበረዶ የሚቆለፍበት ወር የላትም። እዚህ የሚበስል የደን ፍሬ የሚጠብቀው ሙቀት ሳይሆን እርጥበት ነው፤ እርጥበቱ ደግሞ ዛፉ ሥር ባለው የረገፈ ቅጠል ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አለ። ስለዚህ የጥቁር እንጨት ዘር ሳይቆለፍ ይረግፋል፤ ትኩስ ሆኖ፣ ሥጋው ተለይቶለት ከተዘራ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ያለ ምንም ልዩ ዝግጅት ይበቅላል። ጥቁር እንጨትና የአሜሪካው ቼሪ የአንድ ወገን ዛፎች መሆናቸው እውነት ነው፤ የአበባቸውና የፍሬያቸው አሠራር ይመሳሰላል፣ ቅጠላቸው ሲታሽም ሁለቱም ያንኑ የመራራ ለውዝ ሽታ ይሰጣሉ። የዘሩ ጠባይ ግን ከስም አይወረስም። ዘሩ ለሺህ ዘመናት የኖረበት አየር ነው የሚቀርጸው።

የእናንተ ዘር በትክክል ከምን እንደሞተ ለይቼ መናገር ባልችልም፣ በጥያቄያችሁ ውስጥ ሦስት ጥፋቶች ይታዩኛል፤ ቅዝቃዜው ብቻውን ገዳይ ነው አልልም። አንደኛው ዘሩ ከዛፍ ሥር መለቀሙ ነው። ከሥር የሚገኘው ፍሬ አንዳንዱ ያለ ጊዜው የረገፈ፣ አንዳንዱ ነቀዝ የገባበት፣ አንዳንዱም ወድቆ ሳምንታት የቆየ ነው፤ ሁሉም ግን እጅ ውስጥ ሲገባ አንድ ይመስላል። ሁለተኛው በእርጥብ አሸዋ ጥብቅ ተደርጎ መቋጠሩ ነው። እርጥብ ዘር ይተነፍሳል፤ አየር ያጣ እርጥብ ዘር ደግሞ ይታፈንና ሻጋታ ይወርሰዋል፤ ሥጋው በደንብ ያልታጠበ ከሆነማ ፈጥኖ ይቦካል። ሦስተኛው ቀን በቀን ሃምሳ ጊዜ የሚከፈትና መብራት ሲጠፋ የሚሞቅ የሱቅ ፍሪጅ መሆኑ ነው፤ ለስላሳ መጠጥ ይህን ይችለዋል፣ ለመብቀል ተዘጋጅቶ የረገፈ ዘር ግን እየሞቀና እየቀዘቀዘ ሦስት ወር ሲቆይ ያለውን ስንቅ ይጨርሳል።

ጅማ ተወልዶ ላደገ ሰው ነገሩን ለማስረዳት ቡና ይበቃል። እሸቱ ተለቅሞ፣ ተፈልፍሎ፣ ታጥቦ፣ ከነገለባው በጥላ ሥር ጠፍ ያለ የቡና ዘር በጊዜው ሲዘራ በደንብ ይበቅላል። ያው ዘር ጎተራ ውስጥ ዓመት ከቆየ በኋላ ቢዘራ ግን መደቡ ባዶውን ይቀራል። ያን ጊዜ ማንም ገበሬ «እንቅልፍ ይዞት ነው» ብሎ ለዘሩ ውኃ አያፈላለትም፤ ሞቷል ብሎ ሌላ ዘር ይፈልጋል። የሀገራችን የቡና ዝርያ ሀብት እንደ ስንዴና እንደ ገብስ በቀዝቃዛ ክፍል በዘርነት ተከማችቶ መቀመጥ ስለማይመቸው ነው በጅማ ዞን ጮጬ ላይ በቁም ዛፍነት፣ በመሬት ላይ ተተክሎ የሚጠበቀው።

ሮበርትስ የተባለው የዘር ሳይንስ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1973 ዘሮችን በአቆያየታቸው ለሁለት ከፍሏቸው ነበር። የመጀመሪያው ወገን ድርቀትን የሚችል ነው፤ በደንብ ደርቆ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ ቢቀመጥ ለአሥርት ዓመታት ሕይወቱን ይይዛል። ሁለተኛው ወገን ድርቀትን የማይችል ነው፤ ከእናት ዛፉ የያዘውን እርጥበት ካጣ ይሞታል፤ ከሞቃትና እርጥብ ደኖች የሚገኙት የዚህ ወገን ዘሮች አብዛኞቹ ብርቱ ቅዝቃዜም ይጎዳቸዋል። ሮበርትስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990 ሦስተኛ፣ መካከለኛ ወገን መኖሩን ሲያስታውቁ መነሻ የሆናቸው ያው ቡና ነበር፤ ቡና በመጠኑ መድረቅን ይችላል፣ ደርቆ መቀዝቀዝን ግን አይወድም። አንድን ዘር ስታገኙ ልታነሱት የሚገባችሁ የመጀመሪያ ጥያቄ «በምን ልንከረው?» የሚለው ሳይሆን «ከእነዚህ ከሦስቱ ከየትኛው ወገን ነው?» የሚለው ነው።

በጅማ ዙሪያ ካሉት ዛፎች ቀረሮ፣ ዶቅማ እና በኦሮምኛ ሶምቦ የሚባለው ሎል ድርቀትን ከማይችሉት ናቸው። ጥቁር እንጨትን መካከለኛ ብዬ ባስቀምጠውም፣ እርጥበት የሚለካበት መሣሪያ ለሌለው ችግኝ ጣቢያ ድርቀትን እንደማይችል ቆጥሮ መያዙ ይሻላል። ዋንዛ፣ ሰሳና ግራር ግን በደንብ ደርቀው፣ ከነቀዝ ተጠብቀው ቢቀመጡ ለሚቀጥለው ዓመት ይደርሳሉ።

የጥቁር እንጨትን አያያዝ በዝርዝር ልንገራችሁ፤ የሌሎቹም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ፍሬው አረንጓዴነቱን ትቶ ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ሲጠቁር፣ ወፎችና ጉሬዛዎች ዛፉ ላይ መመላለስ ሲጀምሩ ጊዜው ደርሷል ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ሳምንት መዘግየት ፍሬውን ለእነሱ መተው ነው። ከዛፉ ሥር ሸራ አንጥፉና ቅርንጫፉን በመንጠቆ አራግፉ፤ ዛፉን አትጉዱ፣ ቅርንጫፍም አትስበሩ። የለቀማችሁትን ጥላ ባለበት ቦታ፣ አየር በሚያስገባ ቅርጫት ወይም ጆንያ አድርጋችሁ በዚያው ቀን ወደ ጣቢያው አድርሱት። የመኪና ጣሪያ ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጡ ሲዳሰስ እንደ ቦካ ሊጥ ይሞቃል፤ እዚያ የዋለ ዘር ማታ ሲታይ ደህና ይመስላል፣ ከሁለት ወር በኋላ ግን መደቡ ላይ አይታይም። እንደደረሳችሁ ፍሬውን ከሻካራ አሸዋ ጋር በወንፊት ላይ እያሻችሁ፣ ውኃ እያፈሰሳችሁ ሥጋውን አንሱለት። ንጹሑ ዘር ላዩ ብቻ ጠፍ እስኪል በጥላ ሥር ሰሌን ላይ ተሰጥቶ ይደር፤ ፀሐይ ላይ አታውጡት።

በማግሥቱ ከዘሩ ሃያ ያህል ሳታማርጡ አንሱና ጠንካራ ሽፋናቸውን ሰብራችሁ ውስጣቸውን በምላጭ ለሁለት ክፈሉ። ነጭ፣ ጠንካራና ሽፋኑን ሞልቶ የተቀመጠ ውስጥ ሕይወት ያለው ነው። ቡናማ የሆነ፣ የላላ፣ እንደ ውኃ የፈሰሰ ወይም ጨርሶ ባዶ የሆነ የሞተ ነው። ከሃያው አሥራ ስምንቱ ነጭ ከሆኑ በእርግጠኝነት ዝሩ፤ አምስቱ ብቻ ከሆኑ ደግሞ ሌላ ዛፍ ፈልጉ። ይህ ፍተሻ አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ ቢሆንም ከማገኛቸው ችግኝ ጣቢያዎች የሚሠሩት ጥቂቶች ናቸው። ዘሩን ውኃ ውስጥ ጨምሮ የተንሳፈፈውን መጣል በሰፊው ይሠራበታል፣ ነገር ግን ለሁሉም ዘር የሚታመን አይደለም፤ ምላጩ የሚያሳየውን አይተካም።

ከዚያ የደን አፈርና አሸዋ በተቀላቀለበት መደብ ላይ ዘሩን በራሱ ውፍረት ልክ አፈር አልብሱት፣ ስስ ጉዝጓዝ አድርጉበት፣ ከላይ ዳስ ሥሩለት፤ አፈሩም እርጥብ ይሁን እንጂ ውኃ አይቋጥር። ሁለት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ ወደ ላስቲክ አዛውሩት፤ ዋና ሥሩ ሲታጠፍ ችግኙ ኋላ ማሳ ላይ ሊቀጭጭ ስለሚችል ጉድጓዱን ሥሩ ቀጥ ብሎ በሚገባበት ልክ አጥልቁት።

ወደ ፈላው ውኃ ልምጣ። ይህ ልማድ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ፤ ከግራር ነው። የግራር ዘር ውኃ የማያስገባ ጠንካራ ሽፋን ስላለው፣ ሙቅ ውኃ ሽፋኑን ከፍቶ ውኃ እንዲገባ ያደርገዋል። እዚያ ላይ ሠርቶ የታየ ነገር በየሥልጠናው እየተነገረ «ዘር ሁሉ በፈላ ውኃ ይነከራል» ወደሚል ደንብ ተለወጠ። የቀረሮን ዘር እጃችሁ ላይ አድርጋችሁ አስተውሉት፦ የሚያብረቀርቅ ቡናማ ሽፋን፣ በአንድ ጎኑ ረዘም ያለ ሻካራ ጠባሳ አለው። ጠንካራ ይመስላል፤ ነገር ግን ውስጡ ውኃ የሞላበት፣ ለመብቀል የተሰናዳ ሕይወት ነው፤ የፈላ ውኃ ሲያገኘው እንደ ድንች ይቀቀላል። የዶቅማ ዘርማ ሽፋኑ ከቀጭን ልጣጭ አይበልጥም። ልጆች የዶቅማ ፍሬ እየበሉ የሚተፉት ዘር በመንገዱ ዳር ሲበቅል ማየት በቂ ትምህርት ነበር።

ሙቅ ውኃ ለቆየ የሰሳ ዘር ሊጠቅም ይችላል፤ እሱም የማይፈላ፣ ከእሳት ወርዶ የበረደ ሲሆን ነው፤ ትኩሱ ሰሳ ግን ምንም አይፈልግም። የሰሳ ትልቁ ጠላት ነቀዝ ስለሆነ ቆባው ሳይረግፍ ከዛፉ ላይ ልቀሙት። ብርብራም ዝግጅት አይጠይቅም፤ ቆባው ሲደርቅ ተሰንጥቆ ዘሩን ሩቅ ስለሚወረውር ከመፈንዳቱ በፊት መድረስ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ዘሩን ከልጆችና ከእንስሳት አርቁት፤ ዱቄቱ ዓሣ ማስከሪያ መሆኑን ታውቃላችሁ። ዋንዛ ደግሞ ዝልግልግ ሥጋው በደንብ ካልታጠበ ሻጋታ ይስባል፤ ከተዘራም በኋላ ትዕግሥት ይፈትናል፤ በሦስት ሳምንት ካልበቀለ ብላችሁ መደቡን እንዳታፈርሱት።

ከዚህ ሁሉ የሚከተለውና ማኅበራችሁ ሊቀበለው የሚከብደው ነገር የጊዜ ሰሌዳው ነው። ድርቀትን የማይችል ዘር ጎተራ የለውም፤ ስለዚህ የዘሩ ቀን የሚወሰነው ፍሬው በሚበስልበት ቀን እንጂ ጽሕፈት ቤት ውስጥ በሚወጣ ዕቅድ አይደለም። የተከላው ጥሪ በየዓመቱ ሰኔ ላይ ይመጣል፤ በተለይ አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በቁጥር የተገለጸ የችግኝ ፍላጎት አለ። ፍሬው ከሰኔ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ የበሰለ ጥቁር እንጨት ወይም ቀረሮ ግን ለዚያው ሰኔ አይደርስም፤ ደርሶ ቢተከልም እንደ ክር የቀጠነ ይሆናል። እነዚህ ዛፎች በጣቢያው ዓመት ወይም ከዚያ በላይ መቆየት አለባቸው። ዛፎቹም በየዓመቱ እኩል አያፈሩም፤ አንድ ዓመት ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ይሸከማሉ፣ በሚቀጥለው ዓመት ባዶ ይሆናሉ። ስለዚህ የእነዚህን ችግኞች ቁጥር አስቀድማችሁ ለማንም ቃል አትግቡ። ሰኔን የምትመልሱት በዋንዛ፣ በሰሳና በብርብራ ነው፤ ቀረሮውና ጥቁር እንጨቱ በራሳቸው ጊዜ ይመጣሉ።

ዘር ባልተገኘበት ዓመት ወፍ ዘራሽ አለ። የቡና ገበሬ ከደን ውስጥ የበቀለ የቡና ችግኝ እየነቀለ እንደሚያዛውረው፣ የቀረሮም እናት ዛፍ ሥር በዝናብ ጊዜ ከሚፈሉት ቡቃያዎች ከሁለት እስከ አራት ቅጠል ያላቸውን፣ አፈሩ በደንብ በራሰበት ቀን፣ ከነሥራቸው ዙሪያ አፈር አንስቶ ወደ ላስቲክ ማዛወር ይቻላል። ጥልቅ ጥላ ውስጥ የኖሩ ስለሆኑ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከዳሱም ሥር በፕላስቲክ ተሸፍነው፣ እርጥበታቸው ተጠብቆ ይቆዩ፤ ከዚያ ሽፋኑን በቀን ትንሽ ትንሽ እየከፈታችሁ አለማምዷቸው። ከፍ ያለውን አትንቀሉ፤ ሥሩ ስለሚበጠስ አይጸድቅም። ደኑ በደን ማኅበር የሚጠበቅ ከሆነ ደግሞ ከማኅበሩ ፈቃድ ሳታገኙ አንዲት ቡቃያም አትንኩ፤ ከአንድ ዛፍ ሥር ያለውንም ሁሉ አታራቁቱ።

ለጥበቃ ብላችሁ የምታፈሉ ከሆነ ከበቀለው ቁጥር ይልቅ ዘሩ ከስንት እናት ዛፍ እንደመጣ ይበልጥ ይመለከታችኋል። ከአንድ መስጊድ ወይም ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ከቆመ ብቸኛ ዛፍ አምስት ሺህ ችግኝ ብታወጡ፣ ተራራ ላይ የምትተክሉት አምስት ሺህ ወንድማማችና እህትማማች ነው፤ እነሱ እርስ በርስ ሲዳቀሉ የሚወልዱት ዘር እየደከመ ይሄዳል። በባለሙያዎች ዘንድ የሚመከረው ቢቻል ከሠላሳ ያላነሱ፣ እርስ በርስ ቢያንስ ሃምሳ ሜትር የተራራቁ ዛፎችን መልቀም ነው። ለጥቁር እንጨት ዛሬ በአንድ ቀበሌ ሠላሳ ዛፍ ማግኘት ይከብዳል፤ አሥር ካገኛችሁ ከአሥሩም እኩል እኩል ልቀሙ፣ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሸለቆ ጨምሩ።

የት እንደምትተክሉም አብሮ መታሰብ አለበት። ሀገር በቀል ማለት በሀገሪቱ ውስጥ የትም ይበቅላል ማለት አይደለም። ኮሶ ሀገር በቀል ነው፤ ቦታው ግን ከጅማ ከተማ ከፍታ በብዙ የሚልቅ ደጋ ነው። በአንጻሩ ግራቪሊያን ከልጅነታችን ጀምሮ ስላየነው ብቻ ሀገር በቀል የሚሉት አሉ፤ የመጣው ከአውስትራሊያ ነው። የፈረንጅ ጥድ ደግሞ ከሜክሲኮና ከአካባቢዋ የመጣ፣ የዚያው የመጽሔታችሁ አህጉር ልጅ ነው፤ እሱን ስታፈሉ የመጽሔቱ ምክር ሳይቀርባችሁ አይቀርም። በጅማ ዙሪያ የጎደሉት ግን ጥላ ወዳድ የሆኑት፣ ዘግይተው የሚያድጉት የደን ዛፎች ናቸው። በቡና ደን ውስጥ ገበሬው ለጥላ ሰሳን፣ ዋንዛን፣ ብርብራንና ብሳናን ይተዋል፤ ሥሩን በየዓመቱ ሲመነጥር ግን ለቡናው ብሎ የቀረሮንና የሎልን ቡቃያ አብሮ ያጭደዋል። የቆሙት ትላልቅ ቀረሮዎች ሲያረጁ ተተኪ የሌላቸው ለዚህ ነው። ችግኙን የምትተክሉትም እንደ አመጣጡ ይሁን፦ ብሳናና ሰሳ ቀድመው በያዙት ቦታ፣ በእነሱ ጥላ ሥር። ገላጣ ኮረብታ ላይ በቀጥታ የተተከለ ቀረሮ የመጀመሪያውን በጋ የማለፍ ዕድሉ ትንሽ ነው።

ችግኝ ጣቢያ ሊያደርግ የማይችለውንም ማወቅ ያስፈልጋል። የጥቁር እንጨት ቅርፊት ለፕሮስቴት ሕመም መድኃኒት ስለሚፈለግ፣ ዛፉ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ዓለም አቀፍ ንግዱ በፈቃድ ብቻ እንዲሆን በስምምነት ተመዝግቧል። ዙሪያውን ቅርፊቱ የተገፈፈ ትልቅ ዛፍ ሲሞት የሚጠፋውን ዘር ሺህ ላስቲክ ችግኝ ቶሎ አይመልሰውም፤ ችግኙ ራሱ ፍሬ እስኪሰጥ ብዙ ዓመት ይጠይቃል። ስለዚህ ዘር የምትለቅሙባቸውን ዛፎች ቁጠሩ፣ ባለቤታቸውን እወቁ፣ ከፍሬው ሽያጭ ጥቂት ብር እንኳ ቢደርሰው ዛፉን ለመጋዝ ከመስጠት ይመለሳል።

እንግዲህ ከመጽሔቱ ምን ትወስዳላችሁ ብትሉኝ፣ አመዘጋገቡን ብቻ ነው የምላችሁ። እዚያ አንድ ዛፍ እንዴት እንደሚፈላ ሲጻፍ ዘሩ የተለቀመበት ቦታና ቀን፣ የታጠበበት መንገድ፣ የተዘራበት ቀን፣ በስንት ቀን ስንቱ እንደበቀለ፣ በምን ዓይነት መያዣ እንዳደገ ይገለጻል። የእኛ ችግኝ ጣቢያዎች እውቀት በአብዛኛው በአንድ አረጋዊ ሠራተኛ ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው፤ እሳቸው ጡረታ ሲወጡ አብሯቸው ይሄዳል። አንድ ወፍራም ደብተር ግዙ። በየመደቡ ራስ ላይ በእንጨት ቁጥር አቁሙ፣ ቁጥሩን ደብተሩ ላይ አስፍሩ፤ ስሙን በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሳይንሳዊ ስሙ ጻፉ፣ ምክንያቱም ገበያ ላይ «ሆሚ» ብሎ ዘር የሚሸጥላችሁ ሰውና «ጥቁር እንጨት» ብሎ ችግኝ የሚጠይቃችሁ ሰው ስለ አንድ ዛፍ እያወሩ መሆናቸውን መዝጋቢው ማወቅ አለበት። «100 ዘር፣ ተለቅሞ በ2ኛው ቀን የተዘራ» እና «100 ዘር፣ በ20ኛው ቀን የተዘራ» ብላችሁ ሁለት መደብ ጎን ለጎን ብታዘጋጁ፣ ከየትኛውም የውጭ ገጽ የማታገኙትን መልስ በራሳችሁ ግቢ ታገኛላችሁ። ያልበቀለውንም ጻፉ። በፍሪጅ የጠፋው 90 ቀን ራሱ የደብተሩ የመጀመሪያ መስመር ሊሆን ይገባዋል።

ምክሬ ይኸው ነው፦ የጥቁር እንጨት፣ የቀረሮ፣ የዶቅማና የሎል ዘር በተለቀመ በሦስት ቀን ውስጥ መደብ ላይ ይዋል፤ ፍሪጅም የፈላ ውኃም አይንካው። መደቡ ካልተዘጋጀ አትልቀሙ። በአንድ ሁለት ሳምንት ለመዘግየት ከተገደዳችሁ በጥላ ቦታ፣ አፉ ባልታሰረ ዕቃ፣ ጠፍ ባለ የእንጨት ብናኝ ውስጥ አድርጋችሁ በየቀኑ አገላብጡት፤ ከዚያ በላይ አታቆዩት።

በፍሪጁ የቀረውን ዛሬውኑ አውጡትና ከእሱ ሃያውን፣ ከዘራችሁትም መደብ አሥሩን ቆፍራችሁ አውጥታችሁ በምላጭ ክፈሏቸው። ነጭና ጠንካራ የሆነ ካገኛችሁ የቀረውን ሳታሳድሩ ዝሩት፣ መደቡንም ሌላ ሁለት ወር ታገሡት። ሁሉም ቡናማ ከሆነ ወደ ኮምፖስቱ ጉድጓድ ጣሉት፣ የመደቡንም አፈር ገልብጣችሁ ሳምንት ፀሐይ አስመቱት፤ ሻጋታው ለሚቀጥለው ዘር እንዳይተርፍ።